ግማሹ የወረደ ኡቡንቱ

የእህቴ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ 24.04 (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ልጭን ብዬ ፋይሉን ማውረድ ጀመርኩ፣ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ ቀን ኔቱ ስለሚንቀራፈፍ ሌሊት ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ብሮውዘሩ ጨርሻለሁ ይላል፣ ደስ ብሎኝ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ግን ትንሽ ይሄድና ጥቁር ስክሪን ላይ ቀጥ። ፍላሹ ነው ብዬ ሌላ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ራሙ ይሆን እንዴ ብዬ ላፕቶፑን ልፈታው ሁሉ ነበር።

የፋይሉን መጠን ያየሁት ከዛ በኋላ ነው፣ 3.1 ጊጋ! ሌሊት መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲቋረጥ መሀል ላይ ቆሟል ማለት ነው። ደግሞ መጠኑ ልክ ቢሆን እንኳ ውስጡ ሊበላሽ ስለሚችል ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ኮድ፣ ማየት ግድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል (certutil) የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ሻ 256 (SHA256) በሚባለው የቼክሰም አይነት አስላ ስትሉት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት 64 ምልክት ያወጣላችኋል፣ ኡቡንቱ ራሱ ካወጣው ጋር ታስተያዩታላችሁ፣ አንዷ እንኳ ከተለየች ፋይሉን አጥፉት፣ አትልፉበት ብሎ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛ በብሮውዘር አልሞከርኩም፣ በቶረንት አወረድኩት። ቶረንት ፋይሉን ካላቸው ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ቆራርሶ ነው የሚያመጣው፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ራሱ ያረጋግጣል፣ የተበላሸችውን ብቻ ደግሞ ያወርዳል፣ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። ዳታ ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው በእውነት።

ሐሙስ ማታ ተጫነ፣ እህቴም የመመረቂያ ጽሁፏን እየጻፈችበት ነው።