ሐረር ላይ ቂብላን በፀሐይ መለየት

ማንነት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ዘርና ወደ ሰፈር ይሄዳል። ለኔ ግን ሰው ለጸሎት ሲቆም ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ማወቁም የማንነቱ አካል ነው። ሙስሊም ሲሰግድ መካ ወዳለው ካዕባ ይዞራል፤ ይህ አቅጣጫ ቂብላ ይባላል። ከሐረር መካ 1,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አቅጣጫው ከሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያዘነብላል።

የስልክ ኮምፓስ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ብረት በር አጠገብ ይሳሳታል። ፀሐይ ትሻላለች። ግንቦት 20 ከቀኑ 6:18፣ ሐምሌ 9 ደግሞ 6:27 ላይ ፀሐይ ልክ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች (ሰዓታችን ከመካ ጋር እኩል ነው)። በዚያች ደቂቃ ደልዳላ መሬት ላይ የ1 ሜትር ዘንግ በቱንቢ አቁሙ። ጥላው 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር ያሰመራችሁት መስመር ቂብላ ነው።

ጥላው አጭር ስለሆነ ትንሽ ስህተት ይጎላል። ዘንጉ 1 ዲግሪ ወደ ጎን ቢያዘነብል መስመሩ ከ4 ዲግሪ በላይ ይስታል፤ 4 ደቂቃ መዘግየትም ያንኑ ያህል ያጠፋል። ስለዚህ ሰዓታችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ። በአንድ ቀን ብትቀድሙ ወይም ብትዘገዩ ግን ችግር የለውም። ሐምሌ ደመና ስለሚበዛበት ግንቦትን አታሳልፉት።

ሰጋጁ፣ ዘንጉ፣ ካዕባና ፀሐይ ያን ጊዜ በአንድ መስመር ይገጥማሉ። ይህን በዓይን ማየት ልብ ይሞላል!

ወደ ምሥራቅ ዞሮ ለሚጸልይ ክርስቲያን መንገዱ ይቀላል፦ መጋቢት 11 እና መስከረም 12 አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ ነው። ኮረብታ ከጋረዳት ግን ዘግይታና ትንሽ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብላ ትታያለች።