ግድግዳ ላይ የተጻፈ መድኃኒት

ባንኮክ ከመጣን ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው። እማዬ አሁን ተኝታለች። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ ያለችው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ ካደርኩ ነገ ግማሹ ከጭንቅላቴ የሚጠፋ መሰለኝ።

ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እናቴ ጉበቷን ታማለች። አዲስ አበባ ብዙ ተመላለስን። በመጨረሻ ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ፣ ዕቁብም ወጥቶ፣ ወደ ታይላንድ ይዣት መጣሁ። እዚህ የሚታከም ሐበሻ ብዙ ነው። ሆስፒታሉ አማርኛ አስተርጓሚ ሁሉ አለው፤ እማዬን "ማዘር፣ ማዘር" እያለች የምትንከባከባት አንዲት ልጅ አለች፣ እግዜር ይስጣት። ናና በሚባለው ሰፈር እንጀራ የሚገኝባቸው የእኛ ምግብ ቤቶች አሉ። ጾም ስለገባ በየቀኑ ሽሮ ይዤላት ነው የምገባው። የሆስፒታሉን ዶሮ እንደሆነ ዞር ብላ አታየውም።

ዛሬ ጠዋት ለምርመራ ወሰዷት። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትመለስም፤ እዚህ ተቀምጠሽ ከምትጨነቂ ወጣ በይ" አለችኝ አስተርጓሚዋ። የት ልሂድ ስላት አላመነታችም። "ዋት ፖ ሂጂ። የእነሱ ገዳም ነው። መድኃኒት የተጻፈበት ገዳም" አለችኝ። መድኃኒት የተጻፈበት ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ግን ነገሩ ያዘኝ።

ሱኩምቪት ከሚባለው ጣቢያ የምድር ውስጥ ባቡር ይዤ ሳናም ቻይ ወረድኩ። ጣቢያው ራሱ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው፤ ምሰሶው፣ ጣሪያው፣ ቀይና ወርቃማ ቀለሙ። ወደ ላይ ስወጣ ግን አክንባሎ ሲነሣ ከምጣድ ላይ እንደሚወጣው እንፋሎት ሙቀቱ ፊቴ ላይ ቡን አለ። መንገዱ ሞተር ሳይክል፣ አውቶቡስ፣ የመንገድ ላይ ምግብ፣ ሰው፣ ሰው፣ ሰው። የእኛን ባጃጅ የሚመስለው ቱክቱክ በየጥጉ ቆሟል። አንዱ ሹፌር ሮጦ መጣና "ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ገዳም ልውሰድሽ" አለኝ። ይህን እንደሚሉ አስተርጓሚዋ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አመስግኜው አለፍኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

መግቢያው 300 ባት ነው፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ አብሮ ይሰጣል። ትከሻን መሸፈን ግዴታ ነው። እኔ የእማዬን ነጠላ ይዤ ነበር፤ የሆስፒታሉ ኤሲ ስለሚበርዳት ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሱን ጣል አደረግኩ። የእሷ ሽታ አለው። በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ቱሪስት መሃል፣ እሷን ለብሼ የምሄድ ነበር የመሰለኝ።

ትልቁ ቡድሃ ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ጫማ ይወልቃል። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ጫማዬን ሳወልቅ እጄ በልማድ ወደ ግንባሬ ሄደ፤ አማተብኩ። የሌላ ሃይማኖት ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። አልሰግድም፣ ዕጣን አላጨስም፤ ግን ሰው አምላኬ፣ መምህሬ የሚለውን በሚያከብርበት ቦታ እንደ ገበያ አልራመድም ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ ገባሁ።

ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ፊቱን ነው። በጎኑ የተኛ ቡድሃ ነው፣ 46 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ከፍታ። ከጡብ ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ በወርቅ ተለብጧል። ሦስተኛው ራማ የሚባሉት ንጉሥ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1832 ያሠሩት። ያኔ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን። ቤቱ ለሐውልቱ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው የሚመስለው፤ ራቅ ብሎ ሙሉውን ባንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። በምሰሶና በምሰሶ መሃል ነው የሚታየው። አንዴ ዓይን፣ አንዴ ክንድ፣ ቀጥሎ ረጅም ወርቅ ብቻ፣ ከዚያ እየሄዳችሁ፣ እየሄዳችሁ፣ እግር።

በቀኝ ጎኑ ነው የተኛው። ራሱን በቀኝ እጁ ደግፏል። ከዚህ ዓለም ሊለይ ሲል እንዲህ ነበር የተኛው ይላሉ። ፊቱ ግን ምንም አይልም፤ ረጋ ያለ ነው፣ ፈገግ ሊል የዳዳው። እማዬም ከታመመች ወዲህ በቀኝ ጎኗ ነው የምትተኛው። ማታ ማታ ከሶፋው ላይ ሆኜ ትንፋሿን ስቆጥር የማየው ያንኑ አተኛኘት ነው። እዚያ ቆሜ ይህ ትዝ ሲለኝ ፈራሁ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝና ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። እግሬን ወደ ፊት ዘርግቼ ነበር። አንዲት አሮጊት መጡና ምንም ሳይናገሩ አጠገቤ ተንበርክከው እግራቸውን ወደ ኋላ አጥፈው አሳዩኝ። ለካ እግርን ወደ ቡድሃ መዘርጋት ነውር ነው። አጠፍኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ስለ ማን እንደሚጸልዩ አላውቅም፤ እኔም በልቤ ለእመቤቴ ስለ እማዬ ነገርኳት።

የእግሩን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ውስጥ እግሩ ከእኔ ቁመት በእጅጉ ይበልጣል። ጥቁር ሆኖ ላዩ ላይ 108 ሥዕሎች አሉ፤ ዕንቁ በሚወጣበት ዛጎል ውስጠኛ ልባስ ነው ተቆርጠው የተለበጡት። ብርሃን ሲያርፍባቸው አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ነጭ ይሆናሉ። አበባ፣ ዝሆን፣ ቤተ መንግሥት። መሃሉ ላይ ጽጌ የሚመስል ክብ አለ። የእግሩ ጣቶች ሁሉም እኩል ናቸው። የእማዬ እግር አብጧል፤ ማታ ማታ በቫዝሊን አሽላታለሁ። ስነካው ጣቴ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ሲያልፍ እኔ እግሩ ጋ ያን ያህል የቆየሁት።

ከጀርባው በኩል ባለው መተላለፊያ 108 የነሐስ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ሰው ትንንሽ ሳንቲም በሳህን ገዝቶ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ እየጣለ ያልፋል። እኔ አልጣልኩም። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ሰማሁ። ብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲጥል ጸናጽል ነው። እምላችኋለሁ፣ የማኅሌት ጸናጽል። ውጭ ያ ሁሉ መኪና እየጮኸ፣ ማዶ ቻዎ ፕራያ ወንዝ ላይ ጀልባው እያጓራ፣ ውስጥ ግን ይህ ድምፅ ብቻ ነበር።

ግቢው ሰፊ ነው። በሸክላና በሰድር ያጌጡ ሹል ሹል ማማዎች ሞልተውታል፤ አራቱ ትልልቆቹ ለመጀመሪያዎቹ አራት ነገሥታት የቆሙ ናቸው። በየበሩ ከቻይና በመርከብ የመጡ የድንጋይ ዘበኞች ቆመዋል፤ መርከቡ እንዳይዋዥቅ ክብደት እንዲሆኑ ነው አሉ የተጫኑት። ይህን ሁሉ ቶሎ ቶሎ አየሁና የመጣሁበትን ፍለጋ ገባሁ።

አገኘሁት። ግድግዳ የሌላት፣ ጣሪያና ምሰሶ ብቻ ያላት አዳራሽ ናት። ከጣሪያው ሥር ግራጫ እብነ በረድ ዙሪያዋን ተሰክቷል። እያንዳንዱ ላይ የሰው ገላ ተስሏል፤ ከፊት፣ ከጀርባ። በገላው ላይ መስመር ተሰምሯል፣ መስመሩ ላይ ነጥብ፣ ከነጥቡ አጠገብ በእነሱ ፊደል ጽሕፈት። ይህን ቦታ ሲጫኑት ይህን በሽታ ያሽላል የሚል ነው። የማሸት ሰንጠረዥ የያዙት ብቻ 60 ናቸው። ሌሎቹ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ልኩን፣ አወሳሰዱን ይናገራሉ። በገዳሙ በጠቅላላ 1,440 ያህል የተጻፈባቸው ድንጋዮች አሉ፤ ታሪክም ግጥምም አለባቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም መታሰቢያ ብሎ መዝግቧቸዋል። እዚያው ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ የማሳጅ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል።

አንዲት አስጎብኚ ለእንግዶቿ ስታስረዳ ተጠግቼ ሰማሁ። የድሮው ዋና ከተማቸው አዩታያ እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር ተቃጥሎ ነበር። ብዙ መጻሕፍት ነደዱ። ብዙ አዋቂም ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ሦስተኛው ራማ አዋቂዎቹን ሰብስበው የቀረውን ዕውቀት ድንጋይ ላይ ያስጻፉት። ድሃም መጥቶ አንብቦ እንዲወስድ። ደብቆ የሚይዘው ሰው እንዳይኖር። ልጅቷ "በር የሌለው ትምህርት ቤት" ብላ ገለጸችው።

እዚህ ጋ ነው እንባዬ የመጣው።

የእማዬ አባት፣ አያቴ፣ ጎጃም ውስጥ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። በተለይ ለወፍ በሽታ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በቅሎ ላይ ተጭኖ ሩቅ አገር አቋርጦ ይመጣባቸው ነበር። ጎህ ሳይቀድ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ቅጠሉን በኩታቸው ሸፍነው ያመጣሉ፣ በር ዘግተው ይወቅጡታል። ለማንም አይናገሩም። ከተነገረ ይረክሳል፣ አይሠራም ይባላል። ሞታቸው ሲቃረብ ለታላቁ ወንድ ልጃቸው ሊነግሩ ነበር። አጎቴ ግን ጦር ሜዳ እንደሄደ ቀረ። እሳቸውም ይመጣል፣ ይመጣል እያሉ ሲጠብቁ ሞቱ።

ያ መድኃኒት ዛሬ እማዬን ያድናት ነበር አልልም። ሕመሟም የተለየ ነው፣ እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ቅጠል ጠጥቶ ጉበቱን ያባሰ ሰውም አውቃለሁ። ግን ይሠራ እንደሆነ፣ ይጎዳ እንደሆነ እንኳን ማንም መርምሮ እንዳያውቅ ሆኖ ነው የጠፋው። አያቴን አልወቅስም። ዕውቀቱ ንብረታቸውም ክብራቸውም እንጀራቸውም ነበር። ቢሆንም ያን እብነ በረድ አንጋጥጬ ሳይ ተናደድኩ። ስንት አያቶች አሉን? የስንቱንስ አፈር በላው? እኛኮ ብራና የነበረን፣ ፊደል የነበረን ሰዎች ነን። በየገዳሙ የመድኃኒት መጽሐፍም አለ፤ ግን የሚያነበው ስንት ሰው ነው፣ ወገኑስ መቼ ተነግሮት ያውቃል?

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተመለስኩ። እማዬ አልጋዋ ላይ ነበረች፣ ደክሟታል። የት ዋልሽ አለችኝ። ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ጫማሽን አወለቅሽ?"

"አወለቅኩ እማ።"

"ደግ አደረግሽ።"

ሌላ አልጠየቀችም። ስለ መነኮሳቱ ግን እኔው አወራኋት። በጠዋት ባዶ እግራቸውን እየዞሩ ምግብ እንደሚቀበሉ፣ ከቀትር በኋላ እህል እንደማይቀምሱ። "እንደ ቆሎ ተማሪ?" አለች። አዎ አልኳት። ጾሟን ስለጾመች ነው መሰለኝ ደስ አላት። ሽሮዋን በላች።

ማታ እግሯን እያሸሁ ስለ ድንጋዮቹ ነገርኳት። ለሁሉም ሰው መጻፉን፣ ከዝናብ እንዲጠለል ጣሪያ እንደተሠራለት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ጣሪያውን እያየች፣ "አባባ ለእኔ አልነገረኝም። ሴት ነኝ። ግን ውሃ የምቀዳለት እኔ ነበርኩ" አለች። እጄ ቆመ። "ዝም ብዬ አይ ነበር። በበሩ ቀዳዳ። ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው።"

ስልሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም።

"ልጻፈው እማ?"

ለረጅም ጊዜ አልመለሰችልኝም። እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ነበር። "ለመጠጣት አይደለም" አለች ቆይታ። "ለሚያውቁት ለማሳየት ከሆነ ጻፊው።"

ያገኘሁት ወረቀት የዛሬው የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ነበር። ቀኑ ላይ 2568 ይላል፤ በቡድሃ ዘመን ነው የሚቆጥሩት። እኛ 2017 ላይ ነን። ጀርባው ላይ ጻፍኩ። አንደኛው ግራዋ ነው። ሁለተኛውን በስም አታውቀውም፤ ግን የሚበቅልበትን ታውቃለች፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ሲቆረጥ ነጭ የሚያለቅስ። ፀሐይ ሳይነካው ነው የሚቀነጠሰው አለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ሰለለ፣ "ሥሩ ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም…" ብላ በቀኝ ጎኗ ዞራ ተኛች።

ቁጥር 3 ብዬ ጽፌ ቦታውን ባዶ ተውኩት። ነገ ጠዋት ስትነቃ እጠይቃታለሁ።