ያነበብኩት ኑዛዜ

ጅማ ላይ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ከጻፍኩት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ገጽ ኑዛዜ ነው።

አባባ የመጡት ክረምት ላይ ነበር። ሂርማታ ገበያ ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አራት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ትልቁ ቤት ለልጆቼ ይሁን። የጓሮውን ሰርቪስ ግን ለእህቴ ልጅ ጻፍልኝ" አሉኝ። ስታስታምማቸው የኖረችው እሷ ናት።

ጻፍኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ስላስቸገረ አንዱ ምስክር "አልሰማሁም፣ ድገመው" አለኝ፤ ደገምኩት። አባባ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሻራቸውን አሳረፉ። ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር አሻራው ትንሽ ተንሸራቷል። ምስክሮቹም ፈረሙ።

አባባ ሲያርፉ ልጆቻቸው ኑዛዜው ይፍረስልን ብለው ከሰሱ። እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። "ሁለት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ" አልኩ። ዳኛው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩና በአፋን ኦሮሞ ጠየቁኝ፦ "መነበቡ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?"

የትም አልተጻፈም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ ማለትም እንደ አባባ በምስክሮች ፊት የሚደረገው፣ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበብ ይላል። በዚህ አያበቃም። ይህ መፈጸሙና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ መጠቀስ አለበት፤ አለበለዚያ አይጸናም። እኔ ቀኑን ጽፌያለሁ። አንዷን መስመር ግን ዘለልኳት።

ኑዛዜ ከፈረሰ ውርሱ በሕግ ይሄዳል። ሟች ልጆች ካሉት እኩል ይካፈላሉ፤ ለእህት ልጅ ተራው አይደርሳትም። ስድስት ዓመት ብታስታምምም አይደርሳትም። ይህ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ብዙ ሰው የቀበሌ ማኅተም ካረፈበት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ማኅተም ያቺን መስመር አይተካም። መጻፍ ለሚችል ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጾ፣ በየገጹ ቀን ጽፎ ቢፈርም ምስክር አያሻውም። አባባ መጻፍ አይችሉም ነበር። የተማመኑት በእኔ እጅ ነው።

አሁን ኑዛዜ ሊያጽፍ ሰው ሲቀመጥ ከስሙም በፊት የምጽፈው "ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነበበ" የሚለውን ነው። ከዚያ ወደ ላይ እመለሳለሁ።

ካርታው በልጆቹ ስም ከዞረ በኋላ ልጅቷ መጣች። ወደ ጅሬን መውጫ አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ የኪራይ ውል እንድጽፍላት ነው። አልተቆጣችኝም። ጽፌ ስጨርስ "አንብብልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት።

"ማንበብህንም ጻፍበት" አለችኝ።

ጻፍኩላት።