ሞዴሱ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከንብረት ክፍል ግን አልወጣ አለ

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ሴት ተማሪዎች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ክፍል በትምህርት ቤታችን ስናቋቁም ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ራሱ አላስቸገረም። ከሴቶች መጸዳጃ አጠገብ ያለውን ባዶ ዕቃ ቤት አጸዳን፤ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ቅርጫትና ትልቅ መስታወት አስገባን። መስታወቱን እንዳትረሱት፤ ቀሚሷ ይቆሽሽ አይቆሽሽ ያላረጋገጠች ልጅ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ከግድግዳ አትለይም።

ነገሩ የተበላሸው ንብረት ክፍል ላይ ነው። በእርዳታ የመጣው ሞዴስ በሞዴል 19፣ ማለትም በዕቃ መቀበያ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆነ፤ እስከዚህ ደንብ ነው። ከዚያ ግን እያንዳንዱ ፓኬት በሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ) ካልተጠየቀና በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ካልተፈረመበት አይወጣም ተባለ። የ6ኛ ክፍል ልጅ ወር አበባዋ ድንገት ሲመጣባት ወንድ ሠራተኛ ፊት ቆማ ስሟንና ክፍሏን ታስመዘግብ፣ ርዕሰ መምህሩ እስኪፈርሙም ትጠብቅ ማለት ነው። እሳቸው ስብሰባ ከሄዱ ደግሞ ነገ ተመለሺ ነው። አንዲትም ልጅ አልመጣችም። ካርቶኑ ሳይነካ ተቀመጠና በሪፖርቱ ላይ «የተማሪዎች ፍላጎት አነስተኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ያቺ አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ታበግነኛለች።

መውጫው እዚያው ደንቡ ውስጥ ነበር። ሞዴስ አላቂ ዕቃ ነው፤ እንደ ወንበር በነፍስ ወከፍ አይመዘገብም። የሴቶች ክበብ ተጠሪዋ መምህርት የወሩን በአንድ ሞዴል 22 ፈርማ ትረከባለች፣ ንጽሕና ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች፣ በሳምንት አንዴ የቀረውን ቆጥራ ትጽፋለች። የተማሪ ስም የትም አይሰፍርም። አንድ ቁልፍ ከክበቡ ልጆች እጅ ይሁን። «ይሰርቁታል» ይሏችኋል፤ ሁለት ፓኬት የወሰደች ልጅ ቤት እህት ይኖራታል፣ ተዉአት። ይህን ሁሉ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ካርቶኑ ከተቆለፈበት በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ገንዘቡን ሁሉ ሞዴስ ላይ አትጨርሱት። ፓንት የሌላት ልጅ የምታጣብቅበት የላትም፤ ፓንትና ትርፍ የዩኒፎርም ቀሚስ ግዙ። ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግለውን የጨርቅ ሞዴስ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል፦ ከላይ ጥጥ፣ መሃል የተደራረበ ፎጣ፣ ከታች የዣንጥላ ጨርቅ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፍ፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ልጆቹ አፍረው ፍራሽ ሥር ስለሚደብቁት አይደርቅም፣ ይሻግታል፣ ያሳክካል። ስለዚህ እናቶችን ጥሩና ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ተነጋገሩ። ካፈሩ ስስ ነጠላ ጣል ያድርጉበት፤ ፀሐይና ነፋስ እስካገኘው ድረስ ይደርቃል።

ያገለገለውን ሞዴስ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አታስጥሉ። ፕላስቲክ አለበት፤ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ጉድጓዱን የሚመጠውን መኪና ቱቦም ይዘጋል። ለብቻው ጉድጓድ ተቆፍሮለት እዚያ ይቃጠል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉን የወር አበባ ንጽሕና ቀን ጠብቁ ሲሏችሁ አትስሙ። ቀኑ ግንቦት 20 ላይ ይውላል፤ ያኔ ሁሉም ለፈተና እየተዘጋጀ ነው። ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ወንዶችንና ሴቶችን መጀመሪያ ለየብቻ አስተምሩ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ። ጥያቄ ስም ሳይጻፍበት ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ «ወንድ ካላወቀች አይመጣባትም አይደል?» የሚል ወረቀት ማግኘታችሁ አይቀርም። ያንን ሳትስቁ መልሱ፦ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ሰውነት ሲደርስ በራሱ የሚመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለመግባት ከተጠየቃችሁ ክርክር አትግጠሙ፤ ለንስሐ አባት ተዉት። ከክፍል መቅረትን ግን የትኛውም ሃይማኖት አላዘዘም፤ ይህን ደፍራችሁ ተናገሩ።