ሳይክል የሚነዳው መኪና ሻጭ

የአባቴን የአርባ ቀን ተዝካር ቅዳሜ አወጣን። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ደብተሩን ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እያገላበጥኩት ነው።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ነው። አባቴ እዚህ ባሕር ዳር የአንድ መኪና አስመጪ ቅርንጫፍ የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያስረከበውን መኪና ሁሉ በእጁ ጽፎታል። የገዢው ስም፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀለም፣ የርክክብ ቀን። መጨረሻ ላይ "ምርመራ" የሚል አምድ አለ። እሱን ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ነው በማስመሪያ ያሰመረው።

"እናቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መወጣጫ ይገጠምለት።"

"ብቻዋን ነው የምትነዳው፤ ጎማ መቀየር ሁለት ጊዜ አሳይቻታለሁ።"

"ኑሮው ደብረ ታቦር ነው፤ ቱርቦ ያለውን ይውሰድ።"

ይህ የደብረ ታቦሩ ነገር ለእሱ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ አየር ወደ ሞተሩ በኃይል ይገፋል፤ እሱ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አባቴ ይህን የሚያስረዳው ደረቱን በእጁ ይዞ ነበር። "ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ጭነህበት ዳገት ስታወጣው ያለከልካል" ይላል።

ትውልዱ ዘጌ ነው። ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ኑሮው ቡና ነው። ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር በታንኳ ቡና ይዞ ገበያ ሲመጣ ነው መኪና መጀመሪያ ያየው። ላንድሮቨር ነበር። "ጎማውን ነካሁትና እጄ ጠቆረ። ሳልታጠብ ዘጌ ገባሁ" ይለን ነበር። ሥራ የጀመረው መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ሲቆጥር ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው ወደ ሽያጭ የተዛወረው።

ራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም። ሥራ የሚሄደው በሳይክል ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ለማንም ይመቻል። ከረባቱን ሸሚዙ ውስጥ ይከታል፤ የሱሪውን እግር በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል፤ ከዚያ በዘንባባዎቹ ሥር ቀስ እያለ ይሄዳል። ደመወዙ የሚሸጠውን መኪና የሚገዛ አልነበረም። ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይቆለላል። ይህን ለእያንዳንዱ ገዢ ከፕሮፎርማው ጋር በወረቀት ጽፎ ይሰጠው ነበር። ሰው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ እንዲፈርምለት አይፈልግም።

አንድ ቀን ከወረታ አንድ ሩዝ ነጋዴ ሲፒኦ አሠርቶ መጣ። ደብል ጋቢና ፒካፕ ነው የፈለገው። አባቴ ሻይ አዘዘለትና "ስንት ኩንታል ነው የምታነሳው ወንድሜ?" አለው። ሠላሳም አርባም አለ።

"እንግዲያው ይህ አይሆንህም። ከአሥር ኩንታል በላይ ከጫንክበት ባሌስትራው ይሞታል። ሂድና አይሱዙ ግዛ።"

ቅርንጫፉ አይሱዙ አይሸጥም። ሰውዬው ሲፒኦውን ይዞ ወጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ሲሰማ ለአባቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። እናቴ ያን ሰሞን አኩርፋ ከረመች። አልፈርድባትም፤ አራት ልጆች ነበርን። ሰውዬው ከዚያ በኋላም ከአባቴ አንድም መኪና አልገዛም። ግን የፎገራ ሩዝ ታጭዶ በተወቃ ቁጥር አንድ ኩንታል ቤታችን ይደርሳል። ለለቅሶውም በአይሱዙው ነው የመጣው። ሩዙን ራሱ ተሸክሞ አወረደና ድንኳን ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አባቴ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሁሉ የሚለው ነገር ነበረው። ደጀን ላይ ቁም፣ ፍሬንህን እይ፣ የዓባይን ቁልቁለት በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። በእግርህ ፍሬን ላይ አትተኛ። ይህን ሳይናገር ቁልፍ አያስረክብም።

በ2016 መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል ጡረታ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ እየበላን አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ መኪና መጣ። አባቴ እጁን ታጥቦ ሄደና ኮፈኑን አስከፈተው። ልጁ "ጋሼ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪው ይሞላል" አለው። አባቴ ዝም ብሎ ቆየና እንደ ሕፃን ሳቀ። "የዓባይን ቁልቁለት በከንቱ በፍሬን ስናቃጥለው ኖርን በለኛ!" አለ። ያን ማታ ስለዚሁ ሲያወራ አመሸ።

የተቀበረው ዘጌ ነው። አስከሬኑ በሞተር ጀልባ ተሻገረ። የሸጠላቸው ሰዎች ከየቦታው መጥተው መኪናቸውን ሐይቁ ዳር ደርድረው ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጀልባው እስኪነሣ ዓይኔ የሄደው ጎማቸው ላይ ነው። አንዱ የፊት ጎማው አልቋል። ሄጄ ነገርኩት።

ትናንት የአባቴ ስልክ ጮኸ። ስልኩን ገና አልዘጋነውም። "ጋሼ አሉ?" አለ አንድ ሰው። ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀ፤ መኪናው ጧት ጧት ስለሚያሰማው ድምፅ ሊጠይቅ ነበር። ስሙን ጠየቅኩትና ደብተሩ ላይ አገኘሁት። ምርመራው ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሲደውል ልጁን ጠይቀው፤ ታማበታለች።"

"ልጅዎ ተሻላት?" አልኩት።

"ዘንድሮ ተመረቀች" አለኝ።