ክሩ ከወጣ በኋላ

ዛሬ 43ኛ ቀኔ ነው። ብርጭቆ እያጠብኩ እጄ ውስጥ ተሰበረና ከሌባ ጣቴ ሥር መዳፌን ቀደደኝ። 6 ቦታ ተሰፋሁ። የዚያን ቀን ነገር ይኸው ነው፣ ብዙም አላስታውሰውም። መጻፍ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው፤ እኔ ቁስል ከተሰፋ አለቀ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሌሊቶች እንቅልፍ የለም። እጄን ወደ ታች ባወረድኩ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል። ትራስ ደራርቤ ከልቤ ከፍ አድርጌ ሳስቀምጠው ነው የሚያስተኛኝ፣ እብጠቱም የቀነሰው እንደዚያ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ውሃ እንዳይነካው ተባልኩ፣ ከዚያ በኋላ በሳሙናና በንጹህ ውሃ በቀስታ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በአዲስ ጎዝ መሸፈን። አልኮል ግን አታፍስበት አሉኝ። ጀርም ብቻ አይደለም የሚገድለው፣ አዲሱን ሥጋም ይጎዳል። የቲታነስ ክትባት መቼ እንደወሰድኩ ትዝ ስላላለኝ ደግሞ እዚያው ወጉኝ።

በ2ኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሌባ ጣቴ ጎን፣ በአውራ ጣቴ በኩል ያለው፣ ደንዝዟል። የማደንዘዣው ርዝራዥ ይሆናል አልኩ። እሱ ግን በሰዓታት ውስጥ ነው የሚለቀው፣ ይህንን ልቤ ያውቀዋል። ብናገር ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።

በ4ኛው ቀን ለክትትል ስሄድ ዶክተሯ ፋሻውን ፈተው መጀመሪያ ቁስሉን አዩት። መቅላቱ እየሰፋ ነው? ይሞቃል? መግል አለው? ትኩሳትስ? ምንም አልነበረም፣ አላመረቀዘም። እኔም ተነስቼ ልሄድ ስል፣ «ቆይ እስቲ፣ የጣትህ ሁለቱም ጎን እኩል ይሰማሃል?» አሉኝ። ያኔ ነው የነገርኳቸው። ዓይኔን አስጨፍነው በጥጥ ነካኩኝ፣ አንዱን ጎን ወዲያው አወቅኩት፣ ሌላው ግን በወፍራም ጨርቅ ላይ እንደሚነኩኝ ሆነብኝ። የጣቴን መሃል ይዘው ጫፉን ብቻ እንዳጥፍ አደረጉኝ፣ ከዚያ ደግሞ መሃሉን ለብቻው። ጅማቶቹ ደህና ናቸው። በእያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝ ነርቭ እንደሚያልፍ ያወቅኩት ያኔ ነው። ጨርሶ ቢበጠስ ኖሮ በኦፕራሲዮን መገጠም ይኖርበት ነበር፣ እሱም ቶሎ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሆነው። የእኔ በከፊል ስለሚሰማ የተጎዳ እንጂ የተቆረጠ አይመስልም፣ እየተከታተልን እንጠብቅ አሉኝ። እነዚያን 2 ቀናት ዝም ያልኩት እስካሁን ይቆጨኛል። ነርቩ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮስ?

ክሩ በ12ኛው ቀን ወጣ። መዳፍ ስለሆነና ሁሌ ስለሚታጠፍ ፊት ላይ ካለ ስፌት በላይ ይቆያል። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ ግን ቤት ስገባ ጣቴን ማጠፍ አቃተኝ። ደርቋል። እንዳይከፈትብኝ ፈርቼ ያን ሁሉ ቀን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጌ ይዤው ነበር፣ ቀስ ብለህ አንቀሳቅሰው ተብዬ እያለ። ጣት ደግሞ ቶሎ ነው የሚደርቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ በየጥቂት ሰዓቱ ማጠፍና መዘርጋት፣ ማጠፍና መዘርጋት። አንዳንዴ ያስለቅሳል። ዕቃ ማንሳት ግን ገና ክልክል ነበር፣ ምክንያቱም ላዩ ሲታይ የተዘጋ ቢመስልም በ3ኛው ሳምንት የቆዳው ጥንካሬ ከቀድሞው ግማሽ እንኳን አይሞላም።

አሁን ጠባሳው ቀይ ነው፣ ሲዳሰስ ይጠጥራል። ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብቼ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አሸዋለሁ። እስኪለሰልስና እስኪደበዝዝ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በእሱ አልጨነቅም።

የማስበው ነርቩን ነው። እሱ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ጠባሳውን በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ስመታው ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ይነዝረኛል፣ የሚነዝረኝ ቦታ ደግሞ ወደ ፊት እየሄደ ነው። መጀመሪያ ስፌቱ ላይ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ እሑድ የደረሰበትን በእስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ሲታጠብ ይጠፋል፣ እንደገና አደርገዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ስሞክረው ጣቴ ከመዳፌ ጋር ከሚገናኝበት መስመር አልፏል። ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። ጫፉ አሁንም ደንዝዟል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ስቆልፍ እያየሁ ነው እንጂ እየዳሰስኩ አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ የማሳያቸው ያቺን ነጥብ ነው።