ስለ መጠለያው የዛሬው ስብሰባ

ዛሬ በሰፈራችን ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሊከፈት ስለታሰበው መጠለያ ስንወያይ ዋልን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ገና ከመጀመሩ ጩኸት ሆነ፤ "የቤታችን ዋጋ ይወርዳል"፣ "ልጆቻችንስ?"፣ "ለምን ሌላ ቦታ አይሆንም?" ሁሉም የየራሱን ይናገራል።

እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። ግን የሚቃወመውን ሁሉ ጨካኝ ማለት ልክ አይደለም። አንዲት እናት ልጇ ትከሻዋ ላይ እንደተኛ ብድግ ብላ "ማታ በር ላይ የሚቆመው ማነው? ችግር ሲፈጠር ለማን ነው የምንደውለው?" ስትል ከመድረኩ የረባ መልስ አላገኘችም። እዚህ ላይ በጣም ተናደድኩ። የጥበቃው፣ የመግቢያ ሰዓቱ፣ የኃላፊው ጉዳይ በጽሑፍ ተይዞ ቢመጣ ኖሮ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቅ ነበር።

ደግሞስ "ሌላ ቦታ" የሚባለው የት ነው? ከተማ ዳር ከተጣሉ ሥራ ፍለጋውም ሐኪም ቤቱም በምን ይደረሳል? ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መጀመሪያ ቤት ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ከሱስ ለመላቀቅም ሥራ ለማግኘትም ማገዝ የሚለውን መንገድ ይዛ የቤት አልባዎችን ቁጥር በብዙ ቀንሳለች። ሄልሲንኪ ውስጥ የጋራ ማደሪያ የነበሩ ቤቶች የየራሳቸው በርና ቁልፍ ያላቸው አፓርታማዎች ሆነዋል። እዚያም ቢሆን ጎረቤት የተቃወመበት ጊዜ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን አካባቢውን እየዞሩ የጎረቤቱን ቅሬታ መስማት የሥራቸው አካል አደረጉት። እኛ ጋ ይሄ ለምን አይሆንም?

ለሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ እናስገባለን። ዛሬ የነበራችሁ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ የምትቃወሙም ጭምር።